የብረት ኮፈን በአሉሚኒየም ሲተካ ውፍረቱ ስንት ይሁን?

ጠያቂ (ድሬዳዋ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የሜካኒካል ምህንድስና የመመረቂያ ሥራዬ የአንድ ፒካፕን የብረት ኮፈን በአሉሚኒየም መተካት ነው። የውጭ ላሜራው ስፋት 1.4 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን 7.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ውፍረት አሉሚኒየም ቢሆን ግን 2.6 ኪሎ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የአሉሚኒየሙን ቁራጭ ዳርና ዳሩን አስደግፌ መሐሉን በመዳፌ ስጫነው፣ ጧ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ስሌቴ የሳተው ምኑን ነው?

መላሽ (ድሬዳዋ፣ የዲዛይን መሐንዲስ)፦
ስሌትዎ ክብደቱን እንጂ መለመጡን አላየም። የብረት የመለጠጥ ሞዱለስ (ቁሱ ሲጫኑት ላለመለጠጥና ላለመለመጥ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካው ቁጥር) 210 ጊጋ ፓስካል ገደማ ሲሆን የአሉሚኒየም 70 ነው፤ ላሜራ እንዳይለመጥ የሚያደርገው አቅም ደግሞ በውፍረቱ ኩብ ስለሚያድግ፣ ይህን የሦስት እጥፍ ጉድለት ለመሙላት ውፍረቱን በ1.44 ማባዛት ይበቃል። ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ይያዙ፤ ክብደቱ 3.8 ኪሎ፣ ማለትም የብረቱ ግማሽ ይሆናል እንጂ ሲሶ አይሆንም። ብዙዎች ጠንካራ ብረት አቅጥኖ መጠቀም ይሻላል ይላሉ፤ እንዲህ ያለው ብረት ጠጠር ሲመታው በቀላሉ ባይጎደጉድም፣ ሞዱለሱ ያው 210 ስለሆነ በቀጠነ ቁጥር መለመጡ አይቀርም። ከቁሱ ይልቅ ቅርጹ ይረዳዎታል፦ ጥቂት ጉብታ፣ ከሥሩም የሚጣበቅ የውስጥ አጽም።

መላሽ (ሐረር፣ ባቲላሜራ)፦
እኔ እጄን የፈታሁት በፔጆ 404 ላሜራ ላይ ስለሆነ ስሌቱን ለመሐንዲሱ እተዋለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ አሉሚኒየም ሲግል እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅህም፤ 660 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መልኩን ሳይለውጥ ድንገት ይፈስሳል። ጠርዙንም እንደ ብረት አጥፈህ ድፍን አታድርገው፣ ይሰነጠቃልና እጥፋቱን ክብ አድርገህ ተውለት። ብረት የቀጠቀጥክበትን መዶሻ ሳታጸዳ አታንሳበት፤ የብረት ብናኝ ተሰክቶ ዝገት ይጀምረዋል። ከሁሉ በላይ ማጠፊያው ብረት ከሆነ፣ ሁለቱ በእርጥበት ሲነካኩ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነውና በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገባ። ጅቡቲ የሚመላለስ መኪናማ የባሕሩ ጨው ይጨመርበታል።

ጠያቂ (ድሬዳዋ)፦
ጋሼንም መሐንዲሱንም አመሰግናለሁ። የ1 ሚሊ ሜትሩን ቁራጭ ዛሬ በዚያው መንገድ ብጫነው ጧ ማለቱን ትቷል። ፓራፋንጎውን ግን ከብረት አልለውጠውም፤ እዚህ ባጃጅ የሚታከከው እሱን ስለሆነ፣ የትኛውም ባቲላሜራ የሚያቃናው መሆን አለበት።