የሽጉጥ ፈቃድ ለጩቤም ይሠራል ወይ? ሊሠራስ ይገባል ወይ?

ጥያቄውን ያቀረበው፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ክቡራን ወገኖቼ፣ እኔ ሌሊት ታክሲ የምነዳ ሰው ነኝ። ሽጉጥ ከልብሴ ሥር ታጥቄ እንድንቀሳቀስ የሚያስችለኝን ፈቃድ ያገኘሁት በአካል ተገኝቼ ሠልጥኜ፣ ማመልከቻዬን ሰርኪት ኮርት ለሚባለው ፍርድ ቤት አስገብቼና የወንጀል መዝገቤ ተጣርቶ ነው። በቅርቡ ባለ 6 ኢንች ስለት ጩቤ ገዝቼ በዚያው ቀበቶ ላይ ልጨምር ስል አሠልጣኜ አስቆመኝ። የቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 18.2-308 ከዕይታ ተሰውረው እንዳይያዙ የሚከለክላቸውን መሣሪያዎች ሲዘረዝር ሽጉጥን፣ ጩቤን፣ ቦዊ የሚባለውን ትልቅ የፍልሚያ ቢላዋ፣ ገጀራንና ምላጭን አብሮ ያነሣቸዋል፤ ፈቃዴ ግን ከዚህ ክልከላ ነጻ የሚያወጣኝ በሽጉጡ ብቻ ነው። ጩቤው ሸሚዜ ሥር ቢገኝብኝ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊፈረድብኝ ይችላል። መንግሥት ሽጉጥ ያመነውን ሰው ጩቤ መከልከሉ ተገቢ ነው ወይ? እኔ በፍጹም አይደለም እላለሁ፤ መመርመር ያለበት ሰውዬው ነው፤ እሱ ደግሞ ተመርምሮ አልፏል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ እርስዎ የሚመኙት ነገር እኛ ዘንድ ሕግ ነው። የሜሪላንድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 4-101 አደገኛ መሣሪያ ደብቆ የያዘን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል፤ ክልከላው ከማይመለከታቸው ሰዎች መካከል ግን የሽጉጥ ፈቃድ ያለውን ሰው በግልጽ አስፍሯል። ተራ ሰንጢማ፣ ተስፈንጥሮ የሚከፈት ዓይነት እስካልሆነ ድረስ፣ በዚያ አንቀጽ ከመሣሪያ አይቆጠርም። ፈቃዱን ለማግኘት የ16 ሰዓት ሥልጠና መውሰድና ዒላማ ተኩሶ ማሳየት ግዴታ ነው፤ ይህን ሁሉ ያለፈን ሰው በጩቤ መጠርጠር ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም። ይሁን እንጂ አደራዎን፣ በቨርጂኒያ ፈቃድ ታጥቀው ወደ እኛ እንዳይሻገሩ፤ ሜሪላንድ አይቀበለውም።

ከፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ

እኔ በሁለታችሁም ሐሳብ አልስማማም። ሥልጠናው የሽጉጥ ሥልጠና ነው፤ ስለ ስለት አንድ ቃል የማይነሣበት ፈተና ለጩቤ ምስክር ሊሆን አይችልም። ባለቤቴ ሥጋ ቤት ውስጥ ቆራጭ ነው። ቅዳሜ ማታ ሥራውን ሲጨርስ ሁለቱን ቢላዎቹን አጥቦ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወደ ቤት ይመጣል፤ እኔም አንድ ቀን ፖሊስ ቢፈትሸውስ እያልሁ ለረጅም ጊዜ ስሰጋ ኖሬአለሁ። ጠበቃ ስንጠይቅ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 የሰጠውን ውሳኔ ነገረን፤ በዚያ ውሳኔ መሠረት ለፍልሚያ ታስቦ ያልተሠራ ተራ የወጥ ቤት ቢላዋ፣ ተደብቆ ቢያዝ እንኳ፣ በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። እንግዲህ ሕጉ የሥራ ቢላዋን ለመውጊያ ከተሠራው ለይቷል፤ ጩቤውንም ቢሆን በግልጽ መታጠቅን አልከለከለም። ታዲያ መደበቁ ለምን አስፈለገዎት?

ከዋሽንግተን

ለታክሲ ነጂ ትልቁ ጉዳይ ከቨርጂኒያ ወደ ዋሽንግተን ከተማ የሚያሻግረው ድልድይ ነው። እዚህ አደገኛ መሣሪያ በግልጽም ሆነ በስውር ይዞ መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ የከተማው ፈቃድም ለሽጉጥ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ የቨርጂኒያው ደግሞ እዚህ አይሠራም። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውስጥ፣ ለኢሚግሬሽን ቀጠሮ የምንሄድባቸውን ጨምሮ፣ የትኛውም ክልል የሰጠው ፈቃድ ሽጉጥ ለማስገባት አይረዳም፤ በፌዴራሉ ክልከላ ከአደገኛ መሣሪያ የማይቆጠረው ስለቱ ከ2.5 ኢንች በታች የሆነ የኪስ ሰንጢ ብቻ ነው።

ጥያቄውን ያቀረበው

እህቴ፣ የባለቤትዎን ነገር ስሰማ ልቤ ተነክቷል፤ በግልጽ መታጠቅ ይቻላል ያሉትም እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ መኪናዬ ውስጥ አብረውኝ ይቀመጡ። ከመኪናው ወርጄ ስቆም ሰገባው ለሁሉ ይታያል፤ ስቀመጥ ግን ጃኬቴ ይወርድበታል፣ የወንበሩ ቀበቶ ይጋርደዋል፤ ሕጉ ደግሞ የሚጠይቀው ከተመልካች ዓይን ተሰውሯል ወይ ብሎ ነው። ስለዚህ ያው ጩቤ፣ በያው ቀበቶ ላይ እንዳለ፣ በሩን ስዘጋ ወንጀል ሊሆንብኝ ይችላል ማለት ነው። ሽጉጥ ቢሆን ኖሮ፣ ያለ ፈቃድም ጭምር፣ በግል መኪና ውስጥ በተዘጋ ኪስ ወይም ሣጥን ማስቀመጥ ይፈቀድ ነበር፤ ያ ድንጋጌም የሚናገረው ስለ ሽጉጥ ብቻ ነው። ጩቤውን ቤቴ ትቼዋለሁ፤ ሕጉን ማክበር ግዴታዬ ነው። ነገር ግን የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በጥር ሳይሰበሰብ በፊት፣ የሜሪላንድን ምሳሌ ጠቅሼ፣ ነጻ የሚያደርገው አንቀጽ ላይ ጩቤና ቢላዋ እንዲጨመሩ ለአካባቢያችን ተወካይ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አብራችሁኝ የምትፈርሙ ንገሩኝ።

ከፎልስ ቸርች

ስለ መኪናው ያሉትን አላሰብኩትም ነበር፤ በዚህ ረገድ ሕጉ ቢስተካከል አልቃወምም። ሸሚዝ ሥር ተደብቆ እንዲያዝ ግን አልፈርምም። ደብዳቤው ለፈቃድ የሚሰጠው ሥልጠና ስለ ቢላዋ ሕግ እንዲያስተምር የሚጠይቅ ከሆነ፣ ረቂቁን ይላኩልኝና ከባለቤቴ ጋር እናነበዋለን።