የኪስ ሽጉጥ መምረጥ ተቸግሬያለሁ፤ ምክራችሁን እሻለሁ

ፈቃዴን አውጥቻለሁ፤ የቀረኝ ምርጫው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። በየቀኑ በሱሪ ኪስ የሚውል፣ ቅርጹ ከላይ የማይታይ ትንሽ ሽጉጥ እፈልጋለሁ። ሩገር ኤልሲፒ ባዶውን 270 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚመዝን ለኪስ የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ ያው ቅለቱ ነው፦ እንዲህ ያለ ቀላል መሣሪያ ከ9 ሚሊ ሜትሩ ደከም ባለው በ.380 ጥይትም ቢሆን እጅን ክፉኛ ይራገጣል፤ መያዣው አጭር በመሆኑም ትንሿ ጣቴ አየር ላይ ትቀራለች። ሲግ ፒ365 ባለ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካርታው 10 ጥይት ይጎርሳል፤ ግን ግማሽ ኪሎ ስለሆነ ስስ ሱሪን ይጎትታል። አምስት ጎራሹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ሪቮልቨር (ጥይቱን በሚሽከረከር ጎራሽ የሚይዝ ሽጉጥ) ደግሞ ጥይቱን የሚያስተኩሰው መዶሻ ውስጥ የተሸፈነ በመሆኑ ሲመዘዝ ጨርቅ አይዝም፤ የምላጩ አሳሳብ ግን ረጅምና ከባድ ነው፤ የእኔ ጣት ደግሞ ጉልበተኛ አይደለችም።

ምላጩን የሚሸፍን የኪስ ማህደር የግድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቁልፍና ሳንቲምም እዚያ ኪስ አይገቡም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከሦስቱ ደጋግሞ ለመለማመድ የማያስመርረው የትኛው ነው? በኪስ ውስጥ የሚሰበሰበውን ብናኝስ በየስንት ጊዜው ታጸዳላችሁ? «ትለምደዋለህ» የሚለውን መልስ ሻጩ ነግሮኛል፤ አልረዳኝም።