ትልቅ ፍሪጅ በቫን አስተኝቶ መውሰድ ይቻላል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ፍሬድሪክ ልንገባ ነው፣ ራሳችን እንጭናለን ብለን ቫን ተከራይተናል፣ ያስጨነቀኝ ፍሪጁ ነው። ከላይ ሁለት በር ከታች ፍሪዘር ያለው ትልቁ፣ 36 ኢንች ስፋት። ባለቤቴ በጀርባው እናስተኛው ይላል፣ እኔ ደሞ ይበላሻል ሲባል ሰምቻለሁ። የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ።

የአሌክሳንድሪያው፦
እህቴ በጀርባው እንዳታስተኙት! እኔ የዛሬ ስንት ዓመት ፒካፕ ላይ አጋድሜ ወሰድኩና ማታውኑ ሰካሁት፣ ለክርስትና የገዛነው ሥጋ ኩለር ውስጥ በረዶው እያለቀበት ነበርና ቸኮልኩ። ኮምፕረሰሩ ሊነሳ ይልና ቀጭ፣ ደሞ ሊነሳ ይልና ቀጭ። በነጋታው ጭራሽ ዝም አለ። በኋላ የሚጠግነው ሰው ሲያስረዳኝ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ዘይት አለ፣ ፍሪጁ ሲተኛ ዘይቱ ወደ ጋዙ ቱቦዎች ይሄዳል፣ ተመልሶ ሳይወርድ ከሰካሽው ያው የኔ ዓይነት ነው።
ስለዚህ ቆሞ ይሂድ። ቁመቱ ወደ 70 ኢንች ስለሆነ ተራ ቫን ውስጥ አይቆምም፣ ቫኑን በሳጥን ትራክ ቀይሩት፣ ከስትራፕ (ማሰሪያ ቀበቶ) ጋር የፍሪጅ ዶሊ (ባለ ጎማ መግፊያ) አብራችሁ ተከራዩ። ዶሊው በፍሪጁ ጎን በኩል ይግባ፣ በበሩም በጀርባውም አይሁን፣ ከዛ ስትራፑን ጥብቅ ነው። ትንሽ ዘንበል ማለቱ ምንም አይደል። ደረጃ ላይ ክብደቱ ያለው ከታች ያለው ሰው ላይ ነው፣ ጉልበቱን የሚያመው ከታች እንዳይሆን።
አርብ ማታ ባዶ አድርጊና ንቀይው፣ በሩን ክፍት ተዪው፣ ከሥሩ ፎጣ አንጥፊ። እንጀራውንና ቅቤውን ጎረቤት ፍሪዘር አስቀምጪ። የመስታወት መደርደሪያዎቹን አውጥተሽ በብርድ ልብስ ጠቅልይ (ጋቢውን ተዪ፣ ይቆሽሻል)። አይስ ሜከር ካለው መጀመሪያ ውሃውን ዝጊ፣ እኔ ይቺን ረስቼ ኪችኑ ሁላ ኩሬ ሆኖ ነበር።
ዋናው ግን አዲሱ ቤት ሄደሽ በሩን ለኪ። በሮቹ ከነማጠፊያቸው ሲወልቁ የፍሪጁ ጥልቀት ወደ 30 ኢንች ይወርዳል፣ በጎኑ ዞሮ ይገባል። ስትፈቱ ከላይ ማጠፊያው ጋ የመብራት ሽቦ አለ፣ ሶኬቱን ንቀሉት እንጂ እንዳትጎትቱት፣ ሳትነቅሉም ስልካችሁ ፎቶ ያንሳው። ብሎኖቹን በትንሽ ፌስታል አድርገሽ በሩ ላይ ለጥፊ።

ዕቃ የሚጭነው፦
ወንድሜ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ትንሽ ልጨምር። ማስተኛት ግድ ከሆነ በጀርባ ሳይሆን በጎን፣ ከኮምፕረሰሩ የሚወጡት ቱቦዎች ወደላይ በሚሆኑበት በኩል። ከተኛ በኋላ ቢያንስ የተኛበትን ያህል ሰዓት ይቁም፣ ቀኑን ሙሉ ከተኛ 24 ሰዓት። ቆሞ ከሄደ ሁለት ሶስት ሰዓት ይበቃዋል።
በሩን በተራ ቴፕ አታሽጉት፣ ስቴንለሱ ላይ ሙጫው ይቀራል፣ ሰማያዊው የቀለም ቀቢዎች ቴፕ ይሻላል። አፓርትመንት ከሆናችሁ ደሞ የዕቃ ሊፍቱን ዛሬውኑ ቢሮው ጋ አስይዙ፣ ቅዳሜ ሁሉም ሰው ነው ቤት የሚቀይረው።

ሌላ ሰው፦
በዚሁ ልጠይቅ፣ የኔን በኮንቴነር አዲስ አበባ ለእናቴ ብልክላትስ?

ዕቃ የሚጭነው፦
ባትደክም። የዚህ አገሩ 110 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 220 እና 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርድልሃል፣ ኸርዙን ግን አይቀይርም። ብሩን ላክላትና እዛው ትግዛ።

ጠያቂዋ፦
ኑሩልኝ። ለባለቤቴ አስነበብኩት፣ ቫኑን በትራክ ቀየርነው። የአዲሱ ቤት በር 32 ኢንች ነው፣ እንግዲህ የፍሪጁ በሮች ሊወልቁ ነው። ካቻቢቴ ያለው ቅዳሜ ጠዋት ይምጣልን፣ ፍርፍሩ በኔ ነው።