«ደርዝ» እና የተወደደው ዓሣ

ሰላም ቤተሰብ። እንግሊዝኛ ሳነብ «ደርዝ» (dearth) የሚል ቃል ደጋግሞ ይገጥመኛል። (ደርዝ ካለው ንግግር ጋር እንኳ ዝምድና የለውም!) መዝገበ ቃላቱ «እጥረት» ብሎ አለፈኝ። ታዲያ ከ«ሾርቴጅ» በምን ይለያል? ከየትስ መጣ?

— እህቴ፣ መልሱ ጣና ዳር አለልሽ። እዚህ ባሕር ዳር፣ በጾም ሰሞን ዓሣ ልገዛ ስወርድ ሻጩን «ቆሮሶ የለም እንዴ?» አልኩት። «ኧረ ተወዷል!» አለኝ። እኔ የጠየቅኩት ስለ መኖሩ፣ እሱ የመለሰልኝ ስለ ዋጋው። ግን ተግባባን። «ደርዝ»ም የተወለደው እንደዚሁ ነው።

«ዲር» (dear) ማለት ውድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ዝ» የእኛን «ነት» ሥራ ትሠራለች፤ «ዋርም» ሙቅ፣ «ዋርምዝ» ሙቀት እንደሚሉት። ስለዚህ ቃሉ ሲፈታ «ውድነት» ነው፣ በቃ። ድሮ እህል ሲጠፋ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ውድነቱ ራሱ የራብ ስም ሆኖ ቀረ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘፍጥረት 41 ላይ፣ በዮሴፍ ጊዜ የነበረውን የሰባት ዓመት ራብ «ደርዝ» ይለዋል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። «ዲር» ልክ እንደ እኛው «ውድ» ዋጋው የናረውንም፣ የምንወደውንም ይይዛል። እነሱ ደብዳቤ በ«ዲር» ይጀምራሉ፤ እኛም «ውድ እናቴ» እንላለን። «ተወደደ»ንም ለሰውም ለጤፍም እንጠቀምበታለን። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች!

«ሾርቴጅ» ቀላል ነው። «ሾርት» አጭር፤ የእኛም «እጥረት» ከ«አጠረ»።

— ወንድሜ፣ ጥሩ ብለሃል። ግን ዛሬ «የሐሳብ ደርዝ» ሲሉ ዋጋው የት አለ?

— የለም፣ ልክ ነሽ። ዋጋው ከቃሉ ወጥቶ ሄዷል። አሁን ለመረጃም ለሐሳብም ይባላል። እኔ ግን «እጥረት» ብዬ አልተረጉመውም። እጥረት ሲባል ጥቂት አለ፣ አልበቃም ነው። ደርዝ ፈልጎ ወደ ማጣቱ ያደላል። «እጦት» ይሻለዋል፤ ሲያምር ደግሞ «ጠፋ»። «የጨዋ ሰው ደርዝ» የሚል ቢገጥምሽ «ጨዋ ሰው ጠፋ» በዪው፣ ማንም ይገባዋል።

— አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ቆሮሶውንስ ገዛኸው?

— ሦስት ብቻ ነበረው። ተከራክሬ ተከራክሬ፣ አንዱን።