የ19 ዓመት ልጅ ለስፕሪንግ ብሬክ ብቻዋን መርከብ ትሳፈር ወይ?

ጠያቂዋ (ፌርፋክስ)፦
ልጄ 19 ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ለስፕሪንግ ብሬክ (ለኮሌጁ የጸደይ ዕረፍት) ከማያሚ ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ የሚመለስ የአራት ቀን ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ መርጠዋል። ክፍያው ላይ ሲደርሱ ግን ቆመ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያለ ትልቅ ሰው ካቢን (የመርከብ መኝታ ክፍል) አይይዝም ተባሉ። አሁን የ23 ዓመት ወንድሟን «ስምህን ብቻ አስገባልን» እያሉ ይለምኑታል። አባቷ «እሰይ፣ ደግ አደረጉ» ይላል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ደንቡ ልክ ነው ትላላችሁ? ወይስ ሰብሰብ ብለን በቤተሰብ እንሂድ?

የሦስት ልጆች አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ይሄ ደግሞ ምን ያከራክራል? ልክ ነው። የወንድሟን ነገር ግን ተዉት። እንደ መርከብ ድርጅቱ ነው፤ ሮያል ካሪቢያን ላይ 21 የሞላው ይበቃል። ካርኒቫል ላይ ግን አብሮ የሚሄደው 25 የሞላው ዘመድ ወይም አሳዳጊ መሆን አለበት፤ ወንድሟ 23 ነው። ስም ብቻ ማስገባት ደግሞ አያዋጣም። ልጁ ወደቡ ላይ በአካል ካልቀረበ ሴቶቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ይመለሳሉ።

የ20 ዓመት ተማሪ፦
ጋሼ ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። በ18 ዓመቴ መርጫለሁ። ውትድርና ልግባ ብል «አባትህን ጥራ» የሚለኝ የለም። ካቢን ለመያዝ ግን ሞግዚት ያስፈልገኛል? ያው ሮያል ካሪቢያን ከአውሮፓ ወደብ ሲነሳ 18 ይበቃዋል። ባሕሩ ነው የሚለየው? መጠጡን ከልክሉን፣ እሺ። መኝታውን ምን አመጣው? ደግሞ መርከብ የተከለከለ ልጅ ቤቱ አይቀመጥም። አውሮፕላን ተሳፍሮ ሜክሲኮ፣ ካንኩን ይሄዳል። እዚያ በ18 ዓመት መጠጣት ይቻላል። የቱ ይሻላችኋል?

ነርሷ (አሌክሳንድሪያ)፦
የካንኩኗ ነገር እውነት ናት፤ መልስ የለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በ2010 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። የመርከቡ አጥር ቢያንስ 42 ኢንች ይሁን፣ የካቢን በር ላይ ውጭ የሚያሳይ ቀዳዳ ይኑር ይላል። መርከብ ላይ የተፈጸመ ወንጀልም እየተቆጠረ ለሕዝብ ይወጣል። ገብታችሁ እዩት። ብዙውን ቦታ የሚይዘው ወሲባዊ ጥቃት ነው። ካርኒቫል የሚሸጠው የመጠጥ ፓኬጅ ደግሞ በቀን 15 ላይ ይቆማል። አሥራ አምስት! ገደብ መሆኑ ነው እንግዲህ።

እስቲ አስቡት። 21 የሞላው ሰው አብሮ ይግባ ማለት ካቢኑ ውስጥ መጠጥ መግዛት የሚችል ሰው ይግባ ማለት ነው። ደንቡ ለእናቶች የወጣ ይመስላል፤ እኔ ግን ጠበቆች ያወጡት ነው የሚመስለኝ።

የሦስት ልጆች አባት፦
ለዚህ እኮ ነው 25 የሚሻለው።

የ20 ዓመት ተማሪ፦
25 ዓመቱ የሞላ የማይጠጣ አበሻ አምጡልኝና እኔ ራሴ እከፍልለታለሁ 😂

አንድ ጋሼ (ዲሲ)፦
እኛ በሎንቺና ላንጋኖ ሄደን ነው ያደግነው። ምን ክሩዝ!

ነርሷ፦
ላንጋኖም ቢራ ነበረ ጋሼ።

ባለሚጥሚጣዋ (ባልቲሞር)፦
ቤተሰብ ይሁን የምትሉ እኔን ስሙኝ። ባለፈው ከዚሁ ከባልቲሞር ወደብ አምስት ሆነን ሄድን። የአውሮፕላን ወጪ የለ፣ መኪናችንን አቁመን ገባን። ማርች ላይ ግን የመጀመሪያው ቀን ብርድ ነው። የዋና ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ተዉት።

ዋጋውን በማስታወቂያው አትመኑ። የሚጻፈው ሁለት ሰው ካቢን ሲጋራ የአንዱ ድርሻ ነው። የወደብ ቀረጥ ይጨመራል። ቲፕ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ከ16 ዶላር በላይ ይቆረጣል፤ የሦስት ዓመቷም እንደ ሰው ትቆጠራለች። ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። ባሌ ረስቶት የመጣብንን ቢል አልነግራችሁም።

ሌላው ጾም ነው። ስፕሪንግ ብሬክ ሁዳዴ ላይ ይውላል። በ2027 ለምሳሌ ፋሲካ ሜይ 2 ስለሆነ ማርች መጨረሻ ገና ጾሙ መሃል ነው። ቡፌው ቅቤ በቅቤ ነው። ስለ ጾም ማስረዳት ጀመርኩ፣ አስተናጋጁ ግራ ገባው። «ቪጋን» ስለው ተገላገልን። ከማግስቱ ጀምሮ ሩዝና ምስር በስሜ ይመጣል። ከቦርሳዬ ሚጥሚጣ አውጥቼ ነስነስ ሳደርግ አየና «ልቅመስ» አለኝ። ፊሊፒናዊ ነው። እንባው እየወረደ ሁለተኛ ዘረጋ። የመጨረሻው ቀን ብልቃጡን ትቼለት ወረድኩ።

የ13 ዓመት ልጄን ያየሁት ምሳ ላይ ብቻ ነው። ለዕድሜው የተለየ ክበብ አላቸው። እውነት ለመናገር አረፍኩ።

ከሪችመንድ፦
ስለ ዕድሜ ስትከራከሩ ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። ልጆቹ ወረቀታቸው ምንድን ነው? የአሜሪካ ዜጋ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ወደብ ለሚመለስ ጉዞ የልደት ሰርተፊኬትና መታወቂያ ይበቃዋል። ፓስፖርት ቢይዝ ግን ይሻላል፤ መርከቡ ባሃማስ፣ ናሶ ላይ ጥሎት ቢሄድ በአውሮፕላን የሚመለሰው በእሱ ነው።

አሳይለሙ (የጥገኝነት ጥያቄው) ገና ያላለቀ ሰው ግን ይጠንቀቅ። ባሃማስ ደርሶ መመለስ ከአገር መውጣት ነው። አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይዝ የወጣ ጉዳዩን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ተመልሶ መግባቱም ሌላ ጣጣ ነው። «አራት ቀን ናት» ብሎ ነገር የለም። ቲኬት ከመግዛቱ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ።

ጠያቂዋ፦
ወይኔ። ይህንን ካነበብኩ በኋላ ልጄን ጠየቅኳት። ከአራቱ የአንዷ ቤተሰብ የአሳይለም ጉዳይ ገና አላለቀም። ልጅቷ «መርከቡ አሜሪካ ነው የሚመለሰው፣ ምን አለበት» ብላ ነበር።

አባቷ «ጓደኛዋ ትቅርና አንቺ ተኪያት፣ አንድ ካቢን ይበቃችኋል» አለኝ። ልጄ ተቆጣች። «እሷ ካልሄደች ማንም አይሄድም» ብላ በሩን ዘጋችው። እውነቷን ነው፤ ደስ አለኝ እንኳን። አሁን አራቱም ታምፓ እህቴ ዘንድ ሊሄዱ ነው። እህቴ 25 ካለፋት ቆይቷል፣ ቢራም አትገዛላቸውም።

የሦስት ልጆች አባት፦
አየሽ? ደንቡ ሠራ።

የ20 ዓመት ተማሪ፦
ደንቡ አይደለም የሠራው ጋሼ፣ ጓደኝነት ነው።

ጠያቂዋ፦
እሱን እናንተ ጨርሱት። ባለሚጥሚጣዋ፣ ከባልቲሞር ለሁለት ሰው፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ስንት ይሆናል? በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ለባሌ ገና አልነገርኩትም።