«50 ዓመት ያልተነካ ውሳኔ» ስለተባለው

ህሊና፦ ትናንት እዚሁ «የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 50 ዓመት ያልተነካ ውሳኔ ናደ» ተብሎ ተለጠፈና ሁሉም ተቀባበለው። ማነው ያልተነካ ያለው? በ1973 (እ.ኤ.አ.) ጽንስ ማቋረጥን መብት ያደረገውና በ2022 በዶብስ ጉዳይ የተሻረው የሮ ቪ ዌድ ውሳኔ እርግዝናን በሦስት ጊዜ ከፍሎ ነበር የዳኘው። ክፍፍሉን በ1992 በኬሲ ጉዳይ የጣለው ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። «ያልተገባ ጫና» የሚል መለኪያ ተካበት፤ ሕጉ በሴቲቱ ላይ ከባድ እንቅፋት ካልሆነ ይጸናል ማለት ነው። በ1983 የሻረውን ዓይነት ከማቋረጡ በፊት የ24 ሰዓት መጠበቂያ በ1992 አጸደቀ።

ዳኘው፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ አላነሳውም። ጽንሱ ከማህፀን ውጭ መኖር ከመቻሉ በፊት መንግሥት መከልከል አይችልም የሚለው እስከ 2022 ጸንቷል። ሚስት ለባሏ ታሳውቅ የሚለውን የፔንስልቬንያ አንቀጽ የሻረውም ኬሲ ነው። ያንን ለምን ዘለልሽው?

ህሊና፦ አሁን ዋናውን ነጥብ ለየህ፤ የጻፍከው ግን «ያልተነካ» ብለህ ነው።

ሳምሶን፦ ሁለታችሁም ዋና ዳኛ ሮበርትስን ዘላችሁት። በ2016 የቴክሳስ ሕግ ጽንስ የሚያቋርጠው ሐኪም በ30 ማይል ውስጥ ባለ ሆስፒታል በሽተኛ የማስተኛት ፈቃድ ይኑረው ሲል ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ ሮበርትስ ተቃወመ። በ2020 ያው ሕግ ከሉዊዚያና ሲመጣ ግን «የ2016ቱ ስህተት ነው፣ ግን ያስገድደኛል» ብሎ ከሻሪዎቹ ጋር ቆመ። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሕጉን ጥቅምና ጫና መመዘን የሚለውን የ2016 ዘዴ ሮበርትስ አልተቀበለም፤ አብረውት የሻሩት አራቱ ዳኞች ተቀብለዋል። ከጠቅላዩ በታች ካሉት የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች የ8ኛው ሰርኪዩት (የዳኝነት ክልል) የሮበርትስን ሐሳብ ገዢ ሲያደርግ፣ 7ኛው የ2016ቱ እንዳለ ነው አለ። አንድ ውሳኔ ሁለት ሕግ ሆነ።

ዳኘው፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ዶብስ ላይ ዳኛ አሊቶ የቀድሞ ውሳኔን ለመሻር አምስት መመዘኛ ደረደረ፦ የስህተቱ ዓይነት፣ የምክንያቱ ጥራት፣ ለሥራ መመቸቱ፣ በሌሎች ሕጎች ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ ሰው ተማምኖበት መኖሩ። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ የንብረትና የውል ዓይነት ተጨባጭ መተማመን ብቻ ቆጠረ። ኬሲ ግን ሴቶች ሕይወታቸውን በዚያ መብት ላይ አቅደዋል ብሎ ነበር። ይህ ካልተቆጠረ ምን ሊቆጠር ነው?

ህሊና፦ ዕድሜና መተማመን ብቻውን ከጠበቀ ዘርን መለያየት የፈቀደው የፕሌሲ ውሳኔም በ58 ዓመቱ በብራውን ውሳኔ ባልተሻረ!

ዳኘው፦ ብራውን መብት ሰጠ፣ ዶብስ ነጠቀ። አታመሳስይው።

ህሊና፦ በ1937 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ሕግን ሲያጸድቅስ? ራሱ ለአሠሪና ሠራተኛ የሰጠውን የውል ነፃነት ነው የነጠቀው።

ደረጀ፦ ከእኛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ተማሩ። ቀድሞ በአዋጅ 454/1997 (ዓ.ም.)፣ አሁን በተካው በአዋጅ 1234/2013 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የሰጡት ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፤ ተለያየን የለም።

ዳኘው፦ ወንድሜ አትቀላቅል። የእኛ የጽንስ ማቋረጥ ፈቃድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ተጽፏል፣ ለመለወጥ ፓርላማ ያስፈልጋል። የአሜሪካው ቆሞ የነበረው በሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ላይ በተሰጠ የዳኞች ትርጉም ብቻ ነበር።

ደረጀ፦ 551 ላይ «የእናቲቱ ጤና» ሲባል አከራካሪ ሲሆን ማን ሊተረጉመው ነው፣ ፓርላማ? ሰበር ነው፤ እሱ የተረጎመው ደግሞ አንተንም ያስገድድሃል።