የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ጣራዬ ላይ ወደቀ፤ ማን ይክፈል?

የቡሬው፦
ጤና ይስጥልኝ። ቡሬ ከተማ ዳር ነው የምኖረው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ነፋስ የቀላቀለ ዶፍ ጣለ። የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ከግርጌው ተገንድሶ ማድ ቤቴ ላይ አረፈ። 11 ቆርቆሮ ተጨማደደ፣ 2 ወራጅ ተሰበረ። ዋጋ ይጨምራል ብዬ ያቆየሁት አንድ ማዳበሪያ በርበሬም ራሰ።

ዛፉ ቀድሞም ዘሞ ነበር። ግንቦት ላይ «ጋሼ፣ ይሄን ዛፍ ያስቆርጡት፣ ወደ እኛ እያዘነበለ ነው» አልኳቸው። «ለመስከረም እንጨት ነጋዴ ይመጣል፣ ያኔ እሸጠዋለሁ» አሉኝ። አሁን ሳናግራቸው «ነፋሱን እኔ ላክሁት? እግዜርን ክሰስ!» ይሉኛል። ይባስ ብለው በማግስቱ መጋዝ ይዘው ግንዱን ሊወስዱ መጡ። ኧረ ሕጉ ምን ይላል?

ጠበቃው፦
ዛፉ የእሳቸው ስለሆነ ብቻ ይከፍላሉ ማለት አይደለም። የወደቀብህ ግንብ ቢሆን ይቀልህ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ባያስበውም እንኳ፣ ኃላፊ ነው። ዛፍ ግን ሕንፃ አይደለም። ያንተ መንገድ አንቀጽ 2028 ነው፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ የሚለው። ደኅና ዛፍ በአውሎ ነፋስ ቢወድቅ ጥፋቱን ማስረዳት ይከብድሃል። የታመመ ዛፍ መሆኑን እያወቁ ከተዉት ግን ሌላ ነው። ስትነግራቸው ሰው ሰምቷል? ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ደግሞ በይርጋ ይታገዳል፣ አንቀጽ 2143ን ተመልከት።

የቡሬው፦
የሰማችው ቡና ታፈላ የነበረችው ልጃቸው ናት። እንግዲህ በአባቷ ላይ ትመስክር?

የመራዊዋ፦
ወንድሜ፣ እኛም ደርሶብናል። የጎረቤቶቻችን ዛፍ አጥራችንን ሲደረምሰው ግንዱን በችኮላ ቆራርጠን አነሳን። ሽማግሌ ፊት «ዛፉ ደኅና ነበር» ሲሉን የምናሳየው ጉቶ እንኳ የለም፣ ነቅለው አንድደውታል! አሁኑኑ ጉቶውን ፎቶ አንሳ። የቆርቆሮና የአናጺ ደረሰኝም አትጣል። ክሱን አቆየውና መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ። ነገ እሳት የምትጫጫሩት ከእሳቸው ጋር ነው።

ጠበቃው፦
እውነቷን ነው። ግንዱ የእሳቸው ንብረት ስለሆነ በካሳ ስም እንዳትሸጠው። ጣራውንም ሸፍን፤ ጉዳቱ እንዳይብስ ማድረግ የምትችለውን ካላደረግህ ከካሳህ ይቀነሳል።

የቡሬው፦
አመሰግናለሁ። ዛሬ ጉቶውን ፎቶ ሳነሳ ጋሼ ራሳቸው መጡ። ውስጡን ምስጥ ጨርሶት ጣቴ እስከ አንጓው ገባ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ነካክተው ዝም አሉ። እሑድ 3 ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የቆርቆሮውንና የወራጁን እጠይቃለሁ። በርበሬውን ግን አላነሳም፤ 2 ቀን ሙሉ ሸራ ሳላለብሰው የተውኩት እኔው ነኝ።